«እድናለሁ ወይ?» ሲሉን ምን እንመልስ? ካንሰር ለሚያስታምሙ የጎንደር ነርሶች

ካንሰሩ ተሰራጭቶ፣ ሕክምናው ሕመም ከማስታገስ በላይ ሊሠራ የማይችልበት ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው የምትንከባከቡ ነርሶች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። በተለይ ጎንደር ላይ ለምትሠሩት። ከደባርቅም፣ ከመተማም፣ ከአርማጭሆም፣ ከበለሳም፣ ከጭልጋም ታማሚው ሪፈር ተጽፎለት የሚመጣው ወደዚሁ ከተማ ነው። ብዙው ደግሞ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ጸበሉ ተሞክሮ፣ የአገር መድኃኒቱ ተሞክሮ፣ ጤና ጣቢያ ተመላልሶ፣ ገንዘቡ ካለቀ በኋላ። ስለዚህ «ካንሰር ነው» የሚለውና «ከዚህ በኋላ አይድንም» የሚለው ወሬ ተከታትለው ይደርሳሉ። ሰውየው አንዱን ሳይውጠው ሌላው ይመጣበታል።

ጎንደር ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን የኖረች ከተማ ናት። ደም ሥር ማግኘት፣ ካቴተር ማስገባት፣ ቁስል ማጽዳት በደንብ እንማራለን። ሊሞት የተቃረበ ሰው ዓይን ዓይናችንን እያየ ሲጠይቀን ምን እንደምንል ግን አብዛኞቻችን የምንለምደው ዋርድ ውስጥ፣ ከእኛ የቀደሙትን እያየን ነው። ከቀደሙት ደግሞ ጥሩውንም መጥፎውንም ነው የምንወርሰው።

እኔ የማምንበትን ገና ከመጀመሪያው ልናገር። በጊዜ ያልተነገረ ነገር የሕመምተኛውን ጊዜ ይበላል። ንስሐ መግባት፣ መናዘዝ፣ ዕዳ መክፈል፣ የተጣሉትን መታረቅ፣ አገር ቤት ገብቶ በገዛ መደብ ላይ መተኛት፣ ሁሉም ጊዜ ይፈልጋል። ቤተሰቡ «ትድናለች» እያለ ሲጠብቅ ቆይቶ፣ መጨረሻው ሰዓት ላይ ኮንትራት መኪና ሲፈልግ፣ እናት መንገድ ላይ ስታርፍ ብዙዎቻችን አይተናል ወይም ሰምተናል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ያንን ጊዜ ለማትረፍ ነው።

ከመናገር በፊት መጠየቅ

ክፉ ዜና ለመንገር የተዘጋጀ ስፓይክስ የሚባል ባለ 6 ደረጃ መመሪያ አለ። በ2000 እ.ኤ.አ. የካንሰር ሐኪሞች ናቸው ያሳተሙት። ስድስቱንም ደረጃ በቃል መያዝ ግዴታ አይደለም። እኔ ዋናው ነገር የምለው ቅደም ተከተሉን ነው። መጀመሪያ ቦታ ታመቻቻላችሁ፣ ከዚያ ሕመምተኛው ምን እንደሚያውቅ ትጠይቃላችሁ፣ ከዚያ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ትጠይቃላችሁ፣ መናገሩ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አጠያየቁ ቀላል ነው። «እናቴ፣ ስለ ሕመምዎ እስካሁን ምን ተነገረዎት?» «እርስዎ ራስዎ ምን ይመስልዎታል?» «ስለ በሽታው ሁሉንም ነገር ማወቅ ይፈልጋሉ ወይስ ለልጅዎ እንንገረው?» ሦስተኛው ጥያቄ በጣም ይጠቅማል። አንዳንዱ ሰው እውነትም ማወቅ አይፈልግም። «ለልጄ ንገሩት፣ እኔን አታድክሙኝ» ካሉ መብታቸው ነው። ብዙዎቹ ግን መልሳቸው ያስደነግጣችኋል። «ይሄ ነገር እንደማያስቀምጠኝ አውቄዋለሁ እኮ» ይሏችኋል፣ በጣም በተረጋጋ ድምፅ። ሰውነታቸው ነግሯቸዋል፣ የልጆቻቸው ፊት ነግሯቸዋል፣ ኪሞው፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒቱ፣ መቋረጡ ነግሯቸዋል።

የበሽታውን ስምና ደረጃ መጀመሪያ መንገር የሐኪሙ ሥራ ነው፣ እናንተም አጠገብ ሆናችሁ። ሐኪሙ ግን ተናግሮ ይሄዳል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ፣ ዋርዱ ጸጥ ሲል፣ ሕመምተኛው የሚጠራው እናንተን ነው።

ቦታ የሚባለው ነገር እኛ ጋ ፈተና ነው። አልጋዎቹ የተጠጋጉ ናቸው፣ ከጎን ያለው አስታማሚ ሁሉን ይሰማል። አልጋ የሚከልል መጋረጃ (ስክሪን) ካለ አቁሙ። ታማሚው መነሳት ከቻለ በረንዳ ላይ ወይም ነርሶች ክፍል አስቀምጧቸው። ካልቻሉ ወንበር ስቡና ተቀመጡ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ስልካችሁን ዝም አሰኙት። ቆሞ የሚያወራ ነርስ «ልሄድ ነው» እያለ ነው የሚታየው። ተቀምጠው 5 ደቂቃ ያወሩት፣ ቆመው 15 ደቂቃ ካወሩት ይሻላል።

ራውንዱ ካለፈ በኋላ ተመለሱ

ማስተማሪያ ሆስፒታል ውስጥ ራውንድ፣ ሐኪሞች አልጋ በአልጋ እየዞሩ ታማሚ የሚያዩበት ማለት ነው፣ የሚደረገው በእንግሊዝኛ ነው። አልጋው ዙሪያ አሥር ሰው ይቆማል፣ «ሜታስታሲስ» (ተሰራጭቷል)፣ «ፓሊየቲቭ» (ማስታገስ ብቻ) ይባባላል፣ አንዱ ራሱን ይነቀንቃል፣ ሌላው ካርዱ ላይ ይጽፋል፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ አልጋ ይታለፋል። የተኛው ሰው ከዚያ ሁሉ ንግግር አንድም ቃል አልገባውም፣ ፊታቸውን ግን አንብቧል። ብዙ ጊዜ የሚገምተው ከእውነቱ የባሰውን ነው። ስለዚህ ራውንዱ እንዳለቀ ወደዚያ አልጋ ተመለሱ። «አባቴ፣ ቅድም ዶክተሮቹ ሲያወሩ ምን ገባዎት?» በሏቸው። ብዙ ጊዜ አይወስድም። የቀኑ ትልቁ ሥራችሁ ግን እሱ ሊሆን ይችላል።

ታማሚው አማርኛ የማይናገር ከሆነ፣ ለምሳሌ በመተማ በኩል የመጣ ዓረብኛ ተናጋሪ ከሆነ፣ ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉት። የ12 ዓመት ልጅ አባቱ እንደሚሞት በራሱ አፍ ለአባቱ መንገር የለበትም። ቋንቋውን የሚችል ባልደረባ ፈልጉ።

«እንዳትነግሪያት» የሚለው ልጅ

ይሄ ነው ዋናው ፈተና። ታላቅ ልጅ ኮሪደር ላይ ይጠብቃችኋል፣ ጋቢውን አጣፍቶ፣ እንቅልፍ ባጣ ዓይን። «ሲስተር፣ በማርያም ይዤሻለሁ፣ እንዳትነግሪያት። ከሰማች ያኔውኑ ነው የምትሞተው።»

አትቆጡት። «መብቷ ነው» ብላችሁ ሕግ አትጥቀሱለት። ይሄ ልጅ እናቱን ከደባርቅ በጀርባውና በመኪና ያመጣ ልጅ ነው። ከእናንተ በላይ ይወዳታል። መጀመሪያ ፍርሃቱን ጠይቁት። «ብትሰማ ምን ትሆናለች ብለህ ነው የፈራኸው?» በሉትና ዝም ብላችሁ ስሙት። ብዙ ጊዜ የሚፈራው እሷን ብቻ አይደለም፣ ስታለቅስ ማየቱን ነው፣ ቀጥሎ ምን እንደሚላት አለማወቁን ነው።

ከዚያ አቋማችሁን በግልጽ ንገሩት። «እኔ በራሴ ሄጄ አልነግራቸውም። ራሳቸው ከጠየቁኝ ግን አልዋሻቸውም። አንተስ ቢጠይቁህ ምን ትላለህ?» ይሄን ስትሉት ሁለቱንም ታከብራላችሁ። ቀጥሎ «አብረን እንግባና ምን እንደሚያውቁ እንጠይቃቸው» በሉት። ስትገቡ አዘውትሮ የሚገጥማችሁ ነገር አለ። እናትየውም ለብቻዋ «ልጄ እንዳይሰማ፣ ይደነግጥብኛል» ብላችኋለች። ሁለቱም ያውቃሉ፣ ሁለቱም ይደባበቃሉ፣ ሁለቱም ለየብቻ ያለቅሳሉ። ይሄን ግድግዳ የሚያነሳው አንድ ጥያቄ ነው፣ ጥያቄውን የሚጠይቅ ሰው ግን ያስፈልጋል።

አገራችን እኮ ክፉ ወሬ መንገር ታውቅበታለች። መርዶ እንዴት እንደሚነገር አስቡት። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይቀድማል፣ ሰዓቱ ይመረጣል፣ ራሱን ቢስት የሚይዘው ሰው አጠገቡ ይቀመጣል። ማንም ለብቻው ቆሞ መርዶ አይሰማም። ይሄንኑ ሥርዓት ለሕያው ሰው እንጠቀምበት። «ዶክተሩ ስለ ሕመምዎ ሊያነጋግርዎት ነው፤ አጠገብዎ ማን እንዲሆን ይፈልጋሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። ወንድማቸውን፣ የነፍስ አባታቸውን፣ የመንደራቸውን ሽማግሌ ይሏችኋል። እስኪመጡ አንድ ቀን መጠበቅ ቢያስፈልግና ሁኔታቸው ከፈቀደ፣ ጠብቁ።

«እድናለሁ ወይ?»

ሦስት መልሶች አፋችን ላይ ይመጣሉ። «አይዞዎት፣ ምንም አይሉም።» «እሱን ዶክተሩን ይጠይቁ።» «እግዜር ያውቃል።» የመጀመሪያው ውሸት ነው። ሁለተኛው መሸሽ ነው። ሦስተኛው እውነት ነው፣ እምነትም ነው፣ ግን እሱን ብለን ፊታችንን ካዞርን በር ዘጋን ማለት ነው። ብላችሁት ብትቆዩ ምንም አይደል።

እኔ የምመክረው ይሄን ነው። መልስ አትቸኩሉ። ተቀመጡ። «ምን አስበው ጠየቁኝ?» በሉ። የሚሉትን ስሙ። ከዚያ በአጭሩ፣ በቀላል አማርኛ፦ «በሽታው ከሚያድነው መድኃኒት አልፏል። ሕመሙን ግን ዝም ብለን አናየውም፤ አንተውዎትም።» ከዚህ በኋላ ዝም በሉ። ዝምታው ይከብዳችኋል፣ ግዴለም። ያልቅሱ። መሐረብ አቀብሉ፣ እጃቸውን መያዝ ተገቢ ከሆነ ያዙ። ምክር አትደርድሩ። ሰው ከባድ ነገር በሰማበት ደቂቃ የምትሉት ሌላ ነገር ጆሮው አይገባም፣ ዝርዝሩን ከሰዓት በኋላ ወይም ነገ ትመለሱበታላችሁ።

«ስንት ጊዜ ቀረኝ?» ካሉ ቁጥር አትስጡ። 3 ወር ያላችሁት ሰው በ3 ሳምንት ሊያርፍ ይችላል፣ ቤተሰቡም እስከ ዕድሜው ልክ አይረሳችሁም። ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራችሁ «በወር የሚቆጠር አይመስለንም፣ በሳምንታት ነው፤ ልንሳሳትም እንችላለን» ማለት ይቻላል። ቀጥሎ «በዚህ ጊዜ ምን ማድረግ ይፈልጋሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ከሁሉም በላይ ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ። የልጅ ሰርግ ማየት፣ ከወንድም መታረቅ፣ ደብራቸውን መሳለም፣ አገር ቤት መግባት፣ ሁሉም የሚወጣው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ኑዛዜ ከተነሳ አንድ ነገር እወቁ። ብዙ ቤተሰብ አልጋ ዙሪያ የተነገረ ቃል የሚበቃ ይመስለዋል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት በ2 ምስክር ፊት የሚነገር የቃል ኑዛዜ አለ፣ ግን በእሱ የሚሰጠው እያንዳንዱ ስጦታ ከ500 ብር መብለጥ አይችልም። ከዚያ ውጭ ስለ ቀብርና ስለ ትንንሽ ልጆች ሞግዚት መናገር ይቻላል። ቤትና ንብረት ላለው ሰው ኑዛዜው መጻፍ አለበት፤ ራሱ ሙሉውን በእጁ ካልጻፈው በቀር፣ በአብዛኛው በ4 ምስክሮች ፊት ተነቦ ይፈረማል። እናንተ ምስክር አትሁኑ፣ ሕግ የሚያውቅ ሰው እንዲጠሩ ግን በጊዜ ንገሯቸው፣ አእምሯቸው ንቁ ሳለ።

«በሬውን ልሽጥ?»

ገበሬ ቤተሰብ ይሄን ይጠይቃችኋል። «አንድ ጥንድ በሬ አለኝ። ሸጬ አዲስ አበባ ልውሰዳት ወይ?» አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና በአገሪቱ የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ስለነበር «አዲስ አበባ ብትሄድ ትድን ነበር» የሚለው ሐሳብ ሕዝቡ ውስጥ ሥር ሰዷል። ውሳኔው የእናንተ አይደለም። ዝም ማለትም ግን አይገባም፣ በሬ ማለት የሚመጣው ዓመት የልጆች እህል ነው። ሰውየውን ይዛችሁ ሐኪሙ ጋ ግቡና ጥያቄውን አስተካክላችሁ አስጠይቁት፦ «እዚያ የሚሰጣት ሕክምና ያድናታል ወይስ ሕመሟን ይቀንስላታል? ሕመሟን መቀነስስ እዚህ አይቻልም ወይ?» ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያየ መልስ አላቸው። ጨረር ለአጥንት ሕመም ወይም ለሚደማ ዕጢ በእርግጥ ሊያስታግስ ይችላል። ለመዳን ብሎ በመሸጥና ለማስታገስ ብሎ በመሸጥ መካከል ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ አውቆ ይወስን።

ሕመሙን እንዴት እንጠይቅ

የእኛ አገር ወንድ «ያምዎታል?» ሲባል «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ነው የሚለው። ጥርሱን ነክሶ። ስለዚህ ሌላ ጥያቄ ጠይቁ። «ሌሊቱን ስንት ጊዜ ነቁ?» «ሲገላበጡ የትኛው ጎን ያስቸግራል?» ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስጡ ማለት ላልተማረ ሰው አይመችም። እጅ ይሻላል። የተጨበጠ እጅ ምንም ሕመም የለም ማለት ነው፣ አምስቱም ጣት ሲዘረጋ ከዚህ የባሰ የለም ማለት ነው። አንድ አባት «ተመስገን» እያሉ አራት ጣት ሲያነሱ ታያላችሁ።

ሞርፊን ሲጀመር ቤተሰቡ ይደነግጣል። «ሞርፊን ተጀመረ ማለት አለቀለት ማለት ነው» የሚል ወሬ አለ። ቀድማችሁ ተናገሩ፦ «ይሄ የሚሰጠው ሕመሙ ከባድ ስለሆነ ነው። በትክክለኛው መጠን ሲወሰድ አይገድልም።» የሞርፊን ሽሮፕ በየ4 ሰዓቱ እንደሚወሰድ፣ ሕመሙ እስኪመለስ እንደማይጠበቅ፣ መጀመሪያ ቀናት ላይ እንደሚያንቀላፋ፣ ሆድ ስለሚያደርቅ ማለስለሻው አብሮ እንደሚሰጥ በራሳቸው አፍ መልሰው እንዲነግሯችሁ አድርጉ። «ገባችሁ?» ብትሉ ሁሉም «አዎ» ይላል።

መድኃኒቱ በቂ ሆኖም ሕመሙ አልቀንስ ሲል ሌላ ነገር ፈልጉ። በ1967 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ የመጀመሪያውን ዘመናዊ ሆስፒስ (ሊሞቱ የተቃረቡ ሰዎች የሚታመሙበት ቤት) የከፈተችው ሲስሊ ሳንደርስ፣ ሐኪም ከመሆኗ በፊት ነርስ ነበረች። ሕመም የሥጋ ብቻ እንዳልሆነ፣ የሐሳብ፣ የቤተሰብና የነፍስም እንደሆነ ያስተማረችው እሷ ናት። «ከሕመሙ ሌላ ሌሊት የሚያስነሳዎት ሐሳብ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጾምና ጸበል

ዐቢይ ጾም ሲገባ «እስከ 9 ሰዓት አልቀምስም» የሚሉ እናቶች ይኖራሉ። አትከራከሩ፣ በሃይማኖት ጉዳይ ነርስ አይሰማም። የንስሐ አባታቸውን አስጠሩ። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ጾምን ታቀላለች፣ ካህኑ አንድ ቃል ሲናገሩ መድኃኒቱ ይወሰዳል። ሙስሊም ታማሚም ረመዳን ላይ እንዲሁ ነው፣ ሸሪዓው ለታመመ ይፈቅዳል፣ ኢማሙ ይንገሯቸው። ቀንዲልና ቁርባን የሚፈልጉ ከሆነ መዋጥ እየቻሉ ሳለ ይደረግላቸው፣ ይሄንንም ለቤተሰቡ የምታሳስቡት እናንተ ናችሁ።

መዋጥ ያቃተው ሰው አፍ ውስጥ ጸበል ሲጨመር ትን ይለዋል። «ከልክሉ» ተብላችሁ ጀሪካኑን አትቀሙ። አሳዩአቸው። ወደ ጎን አስተኟቸው፣ ንጹህ ጨርቅ ወይም ጎዝ በጸበሉ ንከሩ፣ ከንፈራቸውን አርጥቡ፣ ግንባራቸውን ቀቡ። ለዘምዘምም ያው ነው። ቤተሰቡ ማድረግ የፈለገውን አድርጓል፣ ታማሚውም አልታፈነም።

የመጨረሻዎቹ ሰዓታት

የሚመጣውን ከመምጣቱ በፊት ንገሯቸው። ትንፋሹ እየተቆራረጠ ለአፍታ ሊቆም እንደሚችል፣ ጉሮሮ ላይ እንደ ማንኮራፋት ያለ ድምፅ እንደሚመጣ፣ እጅና እግር እንደሚቀዘቅዝ፣ ምግብ እንደማይፈልግ። በተለይ ምግቡን። «በረሃብ ልትገሏት ነው?» ይሏችኋል። «የማይበሉት ሰውነታቸው ምግብ መጠቀም ስላቆመ ነው፤ የሚሞቱት በበሽታው እንጂ ስላልበሉ አይደለም» በሏቸው። መስማት መጨረሻ ላይ ከሚጠፉት አንዱ ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ አልጋው አጠገብ ስለ ሬሳ መኪና ዋጋ አይወራ። ያናግሯቸው፣ ዳዊት ይድገሙላቸው፣ ሙስሊም ከሆኑ ሸሃዳውን ያሰሟቸው፣ ወደ ቂብላ ማዞር ከፈለጉ አልጋውን አብራችሁ አዙሩ።

ሲያርፉ፣ ቤተሰቡ መሐል የተረጋጋውን ሰው ለዩና ለእሱ ቀድማችሁ ንገሩ። «አርፈዋል» በግልጽ ይባል። «አልቻልንም»፣ «ደክመዋል» ስትሉ አንዳንዱ ገና ይጠብቃል። እሪታ ይነሳል፣ ሌሎች ታማሚዎችም ይሰማሉ። «ዝም በሉ» ከማለት ለለቅሶ የሚወጡበትን ቦታ አስቀድሞ ማሰብ ይሻላል። ሩቅ ያለ ልጅ ደውሎ «እናቴ እንዴት ናት?» ካለ፣ መኪና እየነዳ እንደሆነና አጠገቡ ሰው እንዳለ ሳትጠይቁ መርዶ አታርዱት፤ ስልኩን ለዘመድ ስጡ።

አጠገቡ የነበሩትን ታማሚዎች ሄዳችሁ እዩአቸው። አይጠይቋችሁም እንጂ ቀጣዩ እኔ ነኝ ብለው ነው የሚያድሩት። እናንተም ከባልደረባችሁ ጋር አንድ ሻይ ጠጡ፣ ስለ ሟቹ አውሩ። ማልቀስ ሙያ አያጎድልም።

ለተረኛ ስታስረክቡ

ብዙ ልፋት የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ቀን ላይ በጥንቃቄ የተነገራቸው እናት፣ ማታ የገባችው ነርስ «አይዞዎት፣ ነገ ኪሞ እንጀምራለን» ብላቸው ያድራሉ። ከዚያ ወዲያ ማንንም አያምኑም። ስለዚህ ምን እንደተነገረ፣ ማን እንደነገራቸው፣ ምን እንዳሉ ካርዱ ላይ ጻፉ። እንዲህ፦ «ኪሞ እንደማይቀጥል ዛሬ ከሰዓት ሐኪሙና ታላቅ ልጃቸው ባሉበት ተነግሯቸዋል። አልቅሰዋል፣ ከዚያ ቤት መሄድ እንደሚፈልጉ ተናግረዋል። የነፍስ አባታቸው ነገ ጠዋት ይመጣሉ። ሞርፊኑን አገር ቤት የሚሰጣቸው ታላቅየው ነው፣ መጠኑን ተምሯል። ታናሽ ልጃቸው ገና አልሰማም፣ ራሳቸው ሊነግሩት ይፈልጋሉ።» በቃልም ድገሙላት፣ ሠላሳ አልጋ የምትረከብ ልጅ ማታ ካርድ ለማንበብ ጊዜ ላይኖራት ይችላል።